የዲግሪው ግማሽ

ላም ብትገዙ የጋራ ናት። ባጃጅ ብታወጡ የጋራ ነው። ቤት በቆርቆሮ ብታለብሱ፣ ጎተራ ብታቆሙ፣ ከማሽላው ትርፍ በጓሮ በኩል አንዲት ክፍል ብትቀጥሉ ያቺም የጋራ ናት። በእኛ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ላባቸውን ጠብ አድርገው ያፈሩት ሀብት የሁለቱ ነው። ይህን ያስተማረችኝ ባለቤቴ ናት። ሳታስተምረኝ የቀረችው ነገር ቢኖር፣ በትዳር ሳሉ የተገኘ ዲግሪ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ነው። ከላሟ ነው ወይስ ከግል ልብስ?

ይህን የምጠይቀው ቀንቼ አይደለም። እኔ ውርጌሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ሱቅ ከፍቼ የምኖር ሰው ነኝ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው መኪና በደጄ ያልፋል፤ ከሚያልፈው ውስጥ ጥቂቱ ለውሃና ለብስኩት ይቆማል፤ እሱ ይበቃኛል። ባለቤቴ ደግሞ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው መርሳ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። መዝገብ ትከፍታለች፣ ቁጥር ትሰጣለች፣ ቀጠሮ ትጽፋለች፣ ጠፋ የተባለ ፋይል ታወጣለች። ባለጉዳዩ ሁሉ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ «እህት ዓለም፣ ይህ ነገር ያዋጣኛል?» ይላታል። ታውቃለች። ግን ዝም ትላለች፤ መዝገብ ቤት ምክር አይሰጥም። ለዓመታት ያልተናገረችው ሁሉ ሆዷ ውስጥ ተከማችቶ ኖሮ፣ አንድ ማታ ቡና ላይ «ሕግ ልማር ነው» አለች።

ያለችው በአቦሉ አይደለም፤ በቶናውም አይደለም። በበረካው ነው። በሦስተኛው ሲኒ የተነገረ ነገር የጸደቀ ነው፤ ለመከራከሪያ የቀረ ቡና የለም። ገና አንድ ገጽ ሕግ ሳታነብ ሥነ ሥርዓቱን ታውቅበት ነበር።

ወሬው ሰፈር ሲደርስ ቀድመው የመጡት ሽማግሌያችን ናቸው። በወሎ ሰው ሲጋጭ፣ ደም ሲፈስ፣ ድንበር ሲገፋ የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ፤ እኚህ ሰው ከእነሱ ወገን ናቸው፤ ስንቱን ደም ያደረቁ። ምርኩዛቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ገቡና፣

«ልጄ፣ እኛ የተጣላ ሰው ሲመጣ ዱዓ አድርገን፣ ቡና ጠጥተን፣ አስታርቀን እንበትናለን። አንቺ አምስት ስድስት ዓመት ተምረሽ ሰው ልታሟግቺ ነው?» አሏት።

«አባባ፣ እናንተ ያስታረቃችሁት ሲፈርስ ሰውዬው የት ይሄዳል?»

«መርሳ ነዋ።»

«መርሳ ማን ነው መዝገብ የሚከፍትለት?»

«አንቺ።»

«እንግዲያው እስከ ዛሬም አብረን ነው የምንሠራው።»

ሳቁ። ሲወጡ ግን እኔን ለብቻዬ ጠርተው «አንተ ልጅ፣ ካሁኑ ነገርህን አሳጥር» አሉኝ። ምክሩን በወቅቱ አቅልዬ ነበር ያየሁት።

የአካባቢያችን ሰው አንቀጽ ሲባል ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። በደሴ በኩል ሲሄዱ ከእኛ ቀጥሎ ያለችው ከተማ ውጫሌ ናት። በ1881 ዓ.ም እዚያው አምባሰል ውስጥ፣ ይስማ ንጉሥ ላይ፣ አንድ ውል ተፈረመ፤ የዚያ ውል 17ኛው አንቀጽ በሰባተኛው ዓመት አድዋ ላይ ተቋጨ። እንዲህ ያለ አገር ተቀምጦ «አንቀጽ ምን ያመጣል» የሚል ሰው የለም። እኔማ አንቀጽ ቤቴ ድረስ ገብቶ፣ ምድጃ ዳር ተቀምጦ፣ ወጥ ሲቀምስ አይቻለሁ።

ትምህርቱ ወልድያ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ። ቀድሞ ከእኛ መንደር ሕግ ልማር ያለ ሰው አዲስ አበባ መውረድ ነበረበት። ለነገሩ አዲስ አበባም ቢሆን የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ነው፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የመጀመሪያውም ዲን ጄምስ ፖል የሚባል አሜሪካዊ ነበር። ፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ቀድሞ በ1952 ወጥቷል፤ ያረቀቀውም ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ነው። ሕጉ ቀድሞ መጣ፣ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት በኋላ ደረሰ። የእኛ ዕድል ከዚያ ይሻላል፤ ከ2004 ወዲህ ወልድያ ራሷ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ መርሳም የግብርናውን ካምፓስ አግኝታለች። ባለቤቴ ማታ ከቤቷ አድራ ንጋት ላይ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ረዳቱ «ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው!» እያለ በደጃችን ሲያልፍ፣ ያ አንድ ሰው እሷ ናት።

እሷ ስትሄድ ቤቱ ለእኔ ቀረ፤ ልጆቹ፣ ሱቁ፣ ላሟ፣ ሊጡ። ሊጡን ያነሳሁት ሆን ብዬ ነው። የማሽላ እንጀራ የወንድን ልጅ ትዕቢት የሚያስተነፍስ ነገር ነው። ምጣዱ ሲግል ሊጡ ይይዛል፣ ሲበርድ አይን አያወጣም፤ መካከሉን ያገኘ ሰው ለአምባሳደርነት ይበቃል። የመጀመሪያውን ሳወጣ ትልቁ ልጄ ተቀብሎ ብርሃን ላይ ዘረጋውና ለታናናሾቹ በጂኦግራፊ የተማረውን አስረዳቸው፤ ይህ ቀይ ባሕር ነው፣ ይህ ሶማሌ ነው፣ ይህቺ ተቆርጣ የወደቀችው ማዳጋስካር ናት። በሉት። ምርጫም አልነበራቸውም። ባለቤቴ እሁድ ማታ ስትመለስ መሶቡን ከፍታ አየችና ምንም ሳትናገር ከደነችው። ዝም የማለት መብት በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ መሆኑን በኋላ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ በኋላ አንቀጽ መዝነብ ጀመረ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3,367 ቁጥሮች አሉት። ሁሉንም በእኛ ላይ ሞክራቸዋለች ማለት ማጋነን ነው፤ ጥቂት ቀርቷል። የተማረችውን የምታጠናው ጮክ ብላ ነው፤ የምታጠናውም በምሳሌ ነው፤ ምሳሌውም እኛ ነን። አቤቱታ መጻፍ የተማሩ ጊዜ በየልምምዱ ከሳሿ እሷ፣ ተከሳሹ እኔ። በአንድ ወር ውስጥ ድንበር ገፍቻለሁ፣ ቀብድ በልቻለሁ፣ ቤት ተከራይቼ አልለቅም ብያለሁ። እያንዳንዱ ወረቀት መጨረሻው ላይ አንድ ዓይነት መዝጊያ አለው፦ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ልጆቹ ይህን ከፊደል ቀድመው ያዙት። ትንሿ ለደብተር ብር ስትጠይቀኝ «ደብተር አልቆብኛል፣ እውነት መሆኑን በቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ» ትለኛለች። እንዴት ተብሎ ይከለከላል? ደብተሩ ግን አላለቀም ነበር፤ ይህም የሐሰት ማረጋገጫ ይባላል።

አንድ ማታ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ ቁጥር 635ን ራሴ አገኘሁት። ባል የቤተሰቡ አለቃ ነው ይላል። ዓይኔን አላመንኩም። ዝቅ ስል ሌላም አለ፤ ባል ሠራተኛ ለመቅጠር ካልቻለ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ ትሠራለች የሚል። መጽሐፉን ከፍ አድርጌ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና ድምፄን ጠርጌ አነበብኩላት። ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ «እሱ ክፍል ተሽሯል» አለችኝ። ፌዴራሉ በ1992 በአዋጅ 213 ሽሮታል፤ የእኛም ክልል በ1995 የራሱን አውጥቷል፤ አሁን ቤተሰብ የሚመራው በሁለቱ እኩል ነው። ሥልጣን እንደነበረኝ ያወቅሁትና የተሻርኩት በአንድ ምሽት ነው።

የባሰው የዱቤ ደብተሬ ላይ የመጣው ነው። ሱቄ በእምነት ነው የሚሠራው። እትዬ እገሊት ዘይት ወስደዋል፣ አያ እገሌ ፓስታ ወስዷል፣ መኸር ሲገባ ይከፈላል። እጽፋለሁ፤ እነሱ አይፈርሙም። ባለቤቴ ስለ ብድር ያጠናች ማታ ደብተሩን ሳበችና ቁጥር 2472ን ነገረችኝ፤ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ በሚሰጠው እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር አይረጋገጥም። ልብ በሉ፣ 500 ብር በ1952 ከአንድ በሬ በላይ ይገዛ ነበር፤ ዛሬ በሬውን ተዉትና ሌላውንም በቅጡ አይገዛም። «የአንተ ዱቤ ሽያጭ እንጂ ብድር አይደለም፣ ነገሩ ይለያል፤ ቢሆንም ማስፈረም ይሻልሃል፤ የጽሑፍ ውል ደግሞ በሁለት ምስክር ፊት ነው» አለች። በማግስቱ አንድ ካርቶን ፓስታ በዱቤ የጠየቀችኝን ጎረቤት «ሁለት ምስክር ይዘሽ ነይ» አልኳት። ሄደች። ምስክርም ይዛ አልመጣች፣ እሷም ለብዙ ጊዜ አልመጣች። ይህችን ጎረቤት አትርሷት፤ በኋላ ትመለሳለች።

ሁሉም ሳቅ አልነበረም። በ2012 ኮሮና ትምህርቱን ዘጋው። ሲከፈት ደግሞ ብዙ አልቆየም፤ በ2013 ክረምት ጦርነቱ ቆቦንና ወልድያን አልፎ ወደ እኛ መጣ። ውርጌሳ የውጊያ ቦታ ሆነች። ልጆቹን አንጠልጥለን በደሴ በኩል ሸሸን። ታኅሣሥ 2014 ላይ ስንመለስ ሱቁ በሩ የለም። ዘይቱ ሄዷል፣ ስኳሩ ሄዷል፣ ሚዛኑ ሄዷል፣ መደርደሪያው ሳይቀር ሄዷል። የባለቤቴ የሕግ መጻሕፍት ግን ወለሉ ላይ፣ የጫማ ምልክት እንዳለባቸው፣ አንዳቸውም ሳይጎድሉ ተገኙ። በዚያ ዓመት ሕግ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። አንድ በአንድ አንስታ አቧራቸውን በነጠላዋ ጠረገችና «ቀጠሮ ተቀየረ እንጂ መዝገቡ አልተዘጋም» አለች። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተዘርፎ ነበር፤ እሱም እንደ እኛ ከወለል ጀምሮ ተነሳ። እሷም የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደተባለ ሚኒባሱን ጠበቀች።

ከዚያ በኋላ የቀረው መውጫ ፈተናው ነው። ከ2015 ጀምሮ በአገሪቱ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ እየተፈተነ ነው፤ ከመቶ 50 ያላመጣ አይመረቅም። የመጀመሪያው ዓመት ላይ ከተፈተኑት ግማሹ እንኳ አላለፈም። የሕግ ተማሪዎች ከሌላው ቀድመው የለመዱት ፈተና ነው ይባላል፤ ባለቤቴ ግን የለመደች አትመስልም ነበር። ፈተናው ሲቃረብ ቤታችን ውስጥ ዶሮ እንኳ በእግር ጣቷ ነበር የምትሄደው። ውጤቱ የወጣ ዕለት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ አይቶ በስልክ ሊነግረን ነው። ኔትወርኩ የሚይዘው ከሱቁ ጀርባ ካለው ድንጋይ ላይ ሲቆሙ ነው። እሷ ድንጋዩ ላይ፣ እኛ ከሥር። «ሃሎ… ሃሎ… ምን? አል… አል ምን?» አልፈሽ ይሁን አላለፍሽም፣ ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፤ መስመሩም እዚያው ላይ ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ተደውሎ «አልፈሻል!» ሲባል የሰማሁት ከስልኩ ሳይሆን ከእልልታዋ ነው።

አሁን ወደ ድግሱ። እሷ «ቡና ይበቃል» አለች። አማቴ «ቡና? ይህን ሁሉ ዓመት ልጄ በሚኒባስ ስትንገላታ ከርማ በቡና?» አሉ። የወሎን ድግስ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ እኛ ዘንድ አንድ በግ የሚባል ድግስ የለም። ጎረቤቱ ግማሹ እስላም፣ ግማሹ ክርስቲያን ስለሆነ የሚታረደው ሁለት ነው። አንዱ በቢስሚላህ፣ አንዱ በስመ አብ። ድስቱ ሁለት፣ ጭልፋው ሁለት፣ ወጥ ሠሪው ሁለት፤ ዳሱ ግን አንድ፣ በርበሬውም ከአንድ ሴት እጅ። እኛ እስላሞቹ የክርስቲያኖቹን በግ ገዝተን እንሰጣለን፤ በእነሱ ድግስ ደግሞ እነሱ የእኛን። ይህን ለምደን ኖርን፤ ለኪስ ከባድ ነው እንጂ ለሆድ ጥሩ ነው።

ለክርስቲያኖቹ የገዛሁት በግ ከድግሱ በፊት ባለው ቀን ገመዱን በጠሰ። የሄደውም ያቺው ጎረቤቴ ጓሮ ነው፤ ሁለት ምስክር አምጪ ያልኳት። ጎመኗን ጨርሶ ቃሪያዋን ሲጀምር ደረሰችበት። በጉን ይዛ ከቤቷ ምሰሶ አሰረችውና «ካሳዬ ካልተከፈለ አልፈታም» አለች። ተናድጄ ሄድኩ። ሰው ተሰበሰበ። «ጠበቃ ቤትህ እያለች ምን ትጮሃለህ፣ እሷን ጥራ» አሉኝ፤ በኩራት አስጠራኋት። ሊጥ እጇ ላይ እንዳለ መጣች፣ ጓሮውን አየች፣ በጉን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን የሙያ አስተያየቷን ሰጠች።

«ቁጥር 2071፤ የእንስሳ ባለቤት፣ እንስሳው በድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ሌላም ቁጥር አለ፤ በይዞታው ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው እንስሳውን ይዞ ለካሳው መያዣ ሊያደርገው ይችላል። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው።»

ጎረቤቴ አንድ ቀን ትምህርት ቤት ሳትሄድ ሕጉን ፈጽማው ቆማለች። «ይሄ ነው ዲግሪ!» ብላ እልል አለች። ባሏ ላይ የፈረደች ጠበቃ እውነተኛ ናት ተብሎ የሚስቴ ስም እስከ መርሳ የደረሰው በዚያ ቀን ነው። እኔም ወደ ሽማግሌያችን ይግባኝ አልኩ። እሳቸው ሰምተው «ከአንተ ጋር ዱቤ አላት፤ ጎመኑን ከዱቤው ቀንስ፤ አንቺም በጉን ፍቺለት» አሉ። እኔ ደብተሬን አመጣሁ። ጎረቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣

«ስንት ነው የምትለኝ?»

«ስድስት መቶ ሃያ።»

«ከ500 ይበልጣል። የፈረምኩት ወረቀት አለ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ባለቤቴም ሳቀች። ያቺ 2472 ስለ ብድር ነው፣ ዱቤ ሌላ ነው ብዬ ብለፈልፍ ማን ይስማኝ። የጎመኑን ካሳ ቆጥሬ ከፈልኩ። በጉ ተፈታ። ጎረቤቴ ግን ቂም አልያዘችም፤ ያን ማታ መጥታ እስከ እኩለ ሌሊት ሽንኩርት ስትልጥ አመሸች፤ ዕዳዋንም በመኸሩ ያለ ወረቀት ከፈለች። ይህን ለታሪክ ልጻፈው ብዬ ነው።

የምረቃው ዕለት በኮንትራት ሚኒባስ ወጣን። አሥራ ሁለት ሰው የሚይዘው ስንት እንደያዘ አልናገርም፤ ትራፊክ ፖሊስም ያነባል። ስለ ሥነ ሥርዓቱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ንግግሩ ረጅም፣ ፀሐዩ ትኩስ፣ ስም አንባቢው ፈጣን ነበር፤ አማቴ ለማያውቋት ለአንዲት ልጅ እልል ብለው ጨርሰው፣ የራሳቸው ልጅ ስትጠራ ትንፋሽ አጠራቸው። ዋናው ነገር ከአዳራሹ ውጪ ነው። ጋውኑ ከባለቤቴ ትከሻ እንደወረደ ወደ ሰልፍ ገባ። አማቴ ለበሱት፤ ቆቡን ከሻሻቸው በላይ ደፍተው፣ የፕላስቲክ አበባ ታቅፈው፣ በጣም ኮስተር ብለው ተነሱ። ልጆቹ ተራ በተራ ለበሱት፤ ትንሿ ውስጡ ጠፍታ ቆቡ ብቻ ነው የሚታየው። ሾፌሩም «እስቲ እኔም ልሞክረው፣ ለእናቴ የምልከው» አለ። ፎቶ አንሺዎቹ ይህን ስለሚያውቁ ተመራቂዋን ትተው ቤተሰቡን ነው የሚከቡት። በመጨረሻ እኔ ለበስኩት። ልክ መጣልኝ። ከሰልፉ ኋላ የነበረ አንድ የማላውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ «እንኳን ደስ አለዎት፣ በምን ተመረቁ?» አለኝ። «በእንጀራ» አልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሲሪንቃ ላይ ጡሩንባ፣ መርሳ ላይ የፍርድ ቤት ባልደረቦቿ መንገድ ዘግተው ማንጎና ብርቱካን በመስኮት፣ ውርጌሳ ስንደርስ ድቤ። ዳሱ ውስጥ ሁለቱም ድስት ተከፍቷል። ከተበላ በኋላ ሽማግሌያችን ቆመው ዱዓ አደረጉ። «ከሐሰተኛ ምስክር ይጠብቅሽ። አሚን። ድሃ ሲመጣብሽ ጆሮሽን ያስፋልሽ። አሚን። ሙግትሽ ሁሉ በእርቅ ይለቅ።» እዚህ ላይ እኔ አሚን ለማለት ትንሽ ዘገየሁ፤ ሙግቱ ሁሉ በእርቅ ካለቀ የጥብቅናው ገቢ ከየት ይመጣል ብዬ ነው።

ያንን የከረመ ጥያቄዬን ያነሳሁት ያኔ ነው፤ ሰው ጠግቦ፣ ቡና ቀርቦ፣ ምስክሩ ከሁለት በላይ ሆኖ ሳለ። ዲግሪው የጋራ ነው ወይስ የግል? ባለቤቴ ይህን ጥያቄ ፈርታ ሳይሆን ወዳ ነው የተቀበለችው። እንዲያውም ለእኔ የሚመች ፍርድ ራሷ አመጣችልኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ኒው ዮርክ ውስጥ ኦብራየን የሚባሉ ባልና ሚስት ተሟግተው ነበር። ሚስት አስተማሪ ናት፤ እየሠራች ባሏን ሕክምና አስተማረች። ሰውዬው የሐኪምነት ፈቃዱን ባገኘ በሁለተኛው ወር ፍቺ ጠየቀ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የፈቃዱን ዋጋ ገምቶ ከመቶ 40 ለሚስቲቱ በ11 ዓመታዊ ክፍያ እንዲሰጣት ወሰነ፤ የክልሉ የበላይ ፍርድ ቤትም ፈቃዱ በትዳር የተገኘ ሀብት ነው አለ።

ዳሱ ጸጥ አለ። አማቴ «አላህ ያሳያችሁ፣ በሁለተኛው ወር!» ብለው ሰውዬውን ረገሙት። እኔ ግን ተነሳሁ። «አርባ በመቶ! እኔም ከዚያ በላይ አልልም። በ11 ዓመት እቀበላለሁ።»

«ሁለት ነገር ቀርቶሃል» አለች ባለቤቴ። «አንደኛ፣ ኒው ዮርኮች ራሳቸው በእነሱው አቆጣጠር በ2016 ሕጉን ለውጠውታል፤ ዲግሪና ፈቃድ አሁን እንደ ንብረት አይከፋፈልም፤ የደከመው ወገን ድካሙ ብቻ በክፍፍሉ ይታሰብለታል። ሁለተኛ፣ ያ የተወሰነው በፍቺ ነው። ፍቺ ትጠይቃለህ?»

«አስተግፊሩላህ!» አለ ዳሱ በሙሉ፣ ክርስቲያኖቹም ጭምር።

ተቀመጥኩ። እሷ ግን ፍርዱን ቀጠለች፤ በእኛ አገር ዕውቀት የሰው የራሱ ነው፣ ዲግሪውም የእሷ፤ በዲግሪው የሚገኘው ገቢ ግን በትዳር ሳሉ የጋራ ነው። ለቤተሰቡ ሲባል የተገባ ዕዳም የጋራ ነው። ይህ ድግስ ለቤተሰቡ የተደገሰ ነው። ስለዚህ ገቢው እስኪመጣ ድረስ ከዚህ ዲግሪ የእኔ ድርሻ የበጎቹ፣ የዳሱና የሚኒባሱ ዕዳ ግማሽ ነው። አጨበጨቡ። በራሴ ላይ ባይሆን ኖሮ ጥሩ ፍርድ ነበር።

ሽማግሌያችን ግን ሳይዋጥላቸው ቀረ። ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ሕጉ እንዲያ ካለ ይሁን። ግን ይህ ሰው ሊጥ ሲያቦካ አይቼዋለሁ። ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ አይሆንም እንዴ? ዋናው ለእሷ፣ ኮፒው ለእሱ» አሉ። ከዚያ በኋላ የሚከራከር ጠፋ። ኮፒው አሁን ሱቄ ውስጥ፣ ከስኳሩ በላይ ተሰቅሏል። ትርፍ አላመጣም። ሰው እየገባ ቀና ብሎ ያነባል፣ ከዚያ «እንግዲህ አንተም ሳትሰማ አትቀርም፣ ወንድሜ ድንበሬን ገፍቶኝ…» ብሎ ይጀምራል፤ ሲጨርስ ክብሪት እንኳ ሳይገዛ ይወጣል። ባለቤቴ የጥብቅና ፈቃድ እስካላወጣች ድረስ ደንበኛ እንዳልቀበል አስጠንቅቃኛለች። መዝገብ ቤት ምክር አይሰጥም እንደሚባለው፣ ሱቅም አይሰጥም።

ስለዚህ እኔ የውርጌሳው ነጋዴ ለዩኒቨርሲቲዎችና ለሚመለከታቸው ሁሉ ይህን አቤቱታ አቀርባለሁ። ተመራቂ ሲጠራ ባል ወይም ሚስት ካለው የዚያም ስም አብሮ ይጠራ፤ በቀስታ ቢነበብ አማቴም ይደርሱበታል። ከጋውኑ ጋር አንድ ትርፍ ጋውን ይከራይ፤ ሰልፉ ያጥራል። ይህ ከሆነ 40 በመቶውን በገዛ ፈቃዴ ትቻለሁ፤ ኮፒውንም እመልሳለሁ። ከላይ የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።